በሀዋሳ የባህልና የሙዚቃ ፊልም ፌስቲቫል ስታዘጋጁ ከድምፁ ጀምሩ

በክልል ከተማ የፊልም ፌስቲቫል ለማሰናዳት የሚነሳ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያፈላልገው ፕሮጀክተር ነው። የእኛ ምክር ከድምፁ እንድትጀምሩ ነው። ተመልካች ትንሽ የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፤ የማይሰማ ንግግር ግን አይታገሥም፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንድ በአንድ እየተነሳ ይወጣል። የአካባቢን ባህልና ሙዚቃ በሚያሳይ ፌስቲቫል ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ፊልሙ ስለ ዜማ ሆኖ ዜማው ከተበላሸ ለማየት የሚቀር ነገር የለም። ይህ ጽሑፍ ሀዋሳ ላይ የሁለት ወይም የሦስት ምሽት ፌስቲቫል በአነስተኛ ገንዘብ፣ በገለልተኛ ፊልም ሠሪዎች ሥራ ለማካሄድ ለሚያስቡ ነው። አዳማ ላይም አብዛኛው ይሠራል፤ የሐይቁ ነፋስና የቀን አቆራረጡ ግን የሀዋሳ ጉዳይ ነው።

ቀን ስትቆርጡ

ሀዋሳ ላይ በክረምት ብቻ ሳይሆን በበልግም ይዘንባል። ከቤት ውጭ ሸራ ሰቅላችሁ ማሳየት ከፈለጋችሁ ከኅዳር እስከ የካቲት መጀመሪያ ያለውን ጊዜ ያዙ። በዚህ መካከልም ታኅሣሥ 19ን ራቁ፤ የገብርኤል ንግሥ ከየአቅጣጫው ሰው ስለሚያመጣ አልጋ አይገኝም፣ ቢገኝም ዋጋው ሌላ ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ጾመ ነቢያት ስለሆነ ጭፈራ ያለበት ምሽት ብዙ የኦርቶዶክስ ቤተሰቦችን ያስቀራል። ዐቢይ ጾም እንደ ዓመቱ ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ ይገባል፤ ረመዳንም በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ስለሚመጣ ሁለቱንም አይታችሁ ነው ቀን የምትጽፉት። ይህን ሁሉ አጣርተን ስናየው የሚተርፈው ጥምቀት ካለፈ በኋላ ያለው ጥር ነው።

ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው። ቅዳሜና እሑድ አዳራሹም፣ ሞንታርቦውም፣ ጀነሬተሩም በሠርግ ይያዛል፤ በመጨረሻ ሰዓት የሚገኘው የተቀዳደደ ስፒከር ነው። ስለዚህ ከረቡዕ እስከ ዓርብ ያለውን ምረጡ፣ የድምፅ ዕቃውንም በጥቅምት ቀብድ ከፍላችሁ ያዙ። በሥራ ቀን ሰው አይመጣም የሚለው ፍርሃት እስካየነው ድረስ መሠረት የለውም፤ ትርኢቱ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከጀመረ ሠራተኛውም ተማሪውም ይደርሳል።

ፌስቲቫሉን ከፍቼ ጫምባላላ ጋር ማያያዝ ብዙዎችን የሚያጓጓ ሐሳብ ነው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል፤ እንግዳም ይስባል። ቀኑን የሚያስታውቁት ግን የከዋክብትን አካሄድ የሚከታተሉት አያንቶዎች ናቸው፤ በየዓመቱ በአንድ ቀን አይውልም። ፖስተር አስቀድሞ ለሚያሳትም አዘጋጅ ይህ አይመችም፤ በበዓሉ ዕለትም ሕዝቡ ያለው በዓሉ በሚከበርበት አደባባይ፣ ጉዱማሌ ነው። የሚሻለው በፍቼ ቀን የአካባቢውን ወጣት ፊልም ሠሪዎች መቅረጫ አስይዞ ማሰማራት፣ ሥራቸውንም በጥር ማሳየት ነው።

ለዚያ ቀረጻ ሁለት ነገር ልብ በሉ። መጀመሪያ ከሽማግሌዎቹ ፈቃድ ጠይቁ፤ የትኛው ሥርዓት በካሜራ እንደሚያዝና የትኛው እንደማይያዝ የሚወስኑት እነርሱ ናቸው፣ «ይህን ተዉ» ካሉ መተው ነው። ሁለተኛ ቄጣላ፣ ማለትም የሲዳማ የጋራ ጭፈራና ዜማ፣ በካሜራው ማይክ ብቻ አይቀረጽም። ብዙ ሰው በአንድ ላይ እየዘለለ ሲያዜም የካሜራው ማይክ ድምፁን ራሱ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ ተቀባዩ ሲመልስ አውራጁ ይጠፋል። ለብቻው የሚቀርጽ መቅረጫ በ48 ኪሎኸርዝ፣ በ24 ቢት አድርጉት፣ አውቶማቲክ መጠኑን አጥፉት፣ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል ላይ እንዲቆም አስተካክሉ። ሁለት ማይክ ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ከጭፈራው ፊት ለፊት ትከሉ፣ ፀጉራም የነፋስ መከላከያም አልብሷቸው። የዶርዜዎችን ዜማ የሚቀርጽ ደግሞ በአንድ ማይክ አይሞክር፤ በዚያ አዘማመር የተለያዩ ድምፆች እየተቀባበሉና እየተደራረቡ ስለሚሄዱ ግራና ቀኙ ካልተለየ ውበቱ ይቀራል።

ፊልም አቀባበል

ፊልም ለመቀበል ቢያንስ አሥር ሳምንት ስጡ። አብዛኛው ሰው በቴሌግራም ነው የሚልከው፤ ችግር የለውም፣ ግን «እንደ ቪዲዮ» ሳይሆን «እንደ ፋይል» ይላክ። እንደ ቪዲዮ የተላከ ፊልም ተጨምቆ ነው የሚደርሰው፤ ስልክ ላይ ደህና መስሎ 6 ሜትር ሸራ ላይ ሲወጣ ፊት ሁሉ ዳማ ዳማ ይሆናል። በነፃው ቴሌግራም አንድ ፋይል ከ2 ጊጋባይት ማለፍ ስለማይችል ትልልቆቹን በፍላሽ ወይም በጉግል ድራይቭ ተቀበሉ። ፍላሹ በፋት32 የተፎረመተ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የበለጠ አንድ ፋይል አይወስድም፤ ወደ ኤክስፋት ቀይሩት።

የምትጠይቁት ዓይነት አንድ ይሁን፦ 1920 በ1080፣ ኤምፒ4፣ ኤች.264፣ ድምፁ ስቴሪዮ። በስልክ የተቀረጹ ፊልሞች በሰከንድ የሚይዙት ምስል ብዛት ስለሚዋዥቅ ድምፁ ከከንፈሩ እየራቀ ይሄዳል፤ በመጀመሪያው ደቂቃ አይታወቅም፣ በአሥረኛው ያስቃል። ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ቋሚ የምስል ብዛት አድርጋችሁ አውጡትና እስከ መጨረሻው እዩት።

አጫጭር ፊልሞችን አንድ ላይ ስታቀናብሩ የአንድ ምሽት ጠቅላላ ርዝመት ከ75 እስከ 90 ደቂቃ ይሁን። ዳኞች ሦስት ወይም አምስት ይሁኑ፤ ከመካከላቸው አንዱ የሙዚቃ ሰው ቢሆን ጥሩ ነው። በአካባቢው ቋንቋ የተሠራን ፊልም ቋንቋውን የማይሰሙ ዳኞች ብቻ እንዲመዝኑት አታድርጉ።

ድምፁን አስቀድሞ መፈተሽ

ፌስቲቫሎች የሚበላሹት እዚህ ነው፤ ስለዚህ ከትርኢቱ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ አንድ ሰው ሥራዬ ብሎ እያንዳንዱን ፊልም ሙሉ በሙሉ በጆሮ ማዳመጫ ይስማ። የሚፈልገው አራት ነገር ነው።

ንግግሩ በአንድ ጆሮ ብቻ ይመጣል ወይ? በአንድ ማይክ የተቀረጸ ድምፅ ሳይስተካከል ሲቀር በግራ ብቻ ይሰማል፤ አዳራሽ ውስጥ በቀኝ በኩል የተቀመጠው ግማሽ ሕዝብ ምንም አይሰማም። ግራና ቀኙ ሲደመር ድምፁ ይጠፋል ወይ? የአንዱ መሥመር ሞገድ የሌላው ተገላቢጦሽ ሆኖ ከተቀረጸ በጆሮ ማዳመጫ ደህና ይሰማል፤ ሚክሰሩ ሁለቱን ወደ አንድ ሲያመጣ ግን ተናጋሪው ይጠፋና ሙዚቃው ብቻ ይቀራል። ስለዚህ በሞኖም ስሙት። ሦስተኛው ለሲኒማ ተብሎ በ5.1 (በስድስት የድምፅ መሥመር) የተቀናበረ ፊልም ነው። በእንዲህ ያለ ፊልም ንግግሩ ያለው በመካከለኛው መሥመር ነው፤ ላፕቶፑ የግራና የቀኙን ብቻ ካወጣ ሙዚቃውና የበሩ ድምፅ ጥርት ብሎ እየተሰማ ሰዎቹ አፋቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። ይህ ሲሆን ብዙ ሰው የሞንታርቦው ችግር ይመስለውና ኬብል ሲነቅልና ሲሰካ ይቆያል። ከሠሪው የስቴሪዮ ቅጂ ጠይቁ፤ ከሌለ አጫዋቹን ፕሮግራም ወደ ስቴሪዮ አውርዱት።

አራተኛው የመጠን ልዩነት ነው። ለቴሌቪዥን የተዘጋጀ ፊልም ድምፁ በኤልዩኤፍኤስ (የአማካይ ድምፅ መጠን መለኪያ) ከዜሮ በታች 23 ገደማ ይሆናል፤ ለኢንተርኔት የተዘጋጀው ከዜሮ በታች ወደ 14 ይጠጋል። ተከታትለው ሲታዩ የ9 ዴሲቤል ልዩነት አለ፤ ሰው ጆሮውን የሚይዘው በዚህ ነው። ሁሉንም በአንድ መጠን አውጧቸው። ሆን ተብሎ ጸጥ ያለ ትዕይንት ያለበትን ፊልም ግን አትጨቁኑት፤ አማካዩን ብቻ አስተካክሉ።

አዳራሽ ወይስ ሜዳ

የአዳራሽ ችግር ገደል ማሚቶ ነው። የሀዋሳ አዳራሾች አብዛኞቹ ለስብሰባና ለሠርግ የተሠሩ፣ ወለላቸው ሴራሚክ፣ ግድግዳቸው ልስን ነው። መሐል ቆማችሁ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ፤ ጭብጨባው ተዘርግቶ ከቆየ ንግግር አይለይም። ከኋላ ባለው ግድግዳ ላይ ወፍራም መጋረጃ ወይም ብርድ ልብስ ከግድግዳው በአንድ ስንዝር አርቃችሁ ስቀሉ። ሞንታርቦዎቹን ከፍ አድርጋችሁ ወደ ተቀማጩ ሰው ዝቅ ብለው እንዲያዩ አድርጉ፤ ጣሪያውን እያዩ ከተሰቀሉ ማሚቶውን ነው የምታጎሉት። ባስ ቀንሱ። ባዶ አዳራሽ የሚጮኸውን ያህል የሞላ አዳራሽ አይጮህምና በሙከራ ላይ የሰማችሁት የመጨረሻው አይደለም።

ከ20 ሜትር በላይ ወደ ኋላ የሚዘረጋ ቦታ ከሆነ መሐል ላይ ሌላ ጥንድ ስፒከር ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ሳይዘገይ ከተለቀቀ ድምፁ ሁለት ሆኖ ይሰማል። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚሄድ 20 ሜትር ለመድረስ 58 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። የመሐሉ ስፒከር ከፊተኞቹ 20 ሜትር ከራቀ በሚክሰሩ ላይ 58፣ ከዚያ ላይ 10 ወይም 15 ጨምራችሁ አዘግዩት፤ ሰው ድምፁ ከሸራው የመጣ ይመስለዋል።

ሜዳው ማሚቶ የለውም፤ ነፋስ አለው። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል የሚነሳው ነፋስ የፊልም ሸራን እንደ ጀልባ ሸራ ነው የሚሞላው። 6 ሜትር ስፋት ያለው ሸራ 20 ካሬ ሜትር ነው፤ በሰከንድ 10 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በዚያ ላይ ከ120 ኪሎ በላይ ይገፋል። ስለዚህ ቋሚዎቹን በሁለት ገመድ ሳይሆን በየማዕዘኑ ከፊትም ከኋላም ወጥሩ፣ እግራቸው ላይ አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ ጫኑ። ሸራውን ወደ ሐይቁ ፊቱን አዙሮ ከመትከል ጠርዙን ወደ ሐይቁ ማድረግ ይሻላል። የተዘጋጀ ሸራ ከሌለ አቡጀዲ ይሠራል፤ ግን ነጠላ አቡጀዲ ብርሃን ወደ ኋላ ያሳልፋልና ደርቡት፣ ከበስተኋላው ጥቁር ጨርቅ አድርጉለት፣ ስፌቱም የሰው ፊት በሚያርፍበት መሐል ላይ አይሁን። የሸራው የታች ጠርዝ ከመሬት 1.8 ሜትር ከፍ ይበል፤ ካልሆነ የፊተኛው ተርታ ጭንቅላት የግርጌ ትርጉሙን ይሸፍናል።

ሐይቁ ዳር ሌላው ነገር ነፍሳት ናቸው። ብርሃን ባየ ቁጥር እየተርመሰመሰ ይመጣል፣ ሌንሱ ላይ ያርፋል፣ የፕሮጀክተሩን ማጣሪያ ይደፍናል፤ ማጣሪያው ሲደፈን ፕሮጀክተሩ ይግልና መሐል ላይ ራሱን ያጠፋል። ከተመልካቹ 30 ሜትር ያህል ራቅ አድርጋችሁ ነጭ አምፖል አብሩ፣ አብዛኛው ወደዚያ ይሄዳል። ማጣሪያውን በየምሽቱ አጽዱ።

ለምስሉ ብርሃን አንድ ስሌት ይበቃል። በጨለማ ለጥሩ ምስል በካሬ ሜትር 150 ሉመን ያህል ያስፈልጋል፤ ለ20 ካሬ ሜትር 3000 ማለት ነው። ፕሮጀክተር ግን ቀለሙ በተስተካከለበት አሠራር የተጻፈበትን ግማሽ ያህል ነው የሚሰጠው፣ ስለዚህ 6000 የተጻፈበትን ተከራዩ። ካርቶኑ ላይ ትልቅ ቁጥር ያላቸውን ትንንሽ ፕሮጀክተሮች አትመኑ፤ በመደበኛው መለኪያ የተለካውን የአንሲ ሉመኑን ጠይቁ። ጥር ላይ ፀሐይ ከምሽቱ 12፡30 ገደማ ትጠልቃለች፤ ሜዳ ላይ ከ12፡50 በፊት ምስል አይታይም። በሌላው ጫፍ ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ባጃጅ እየሳሳ ስለሚሄድ ከዚያ በፊት ጨርሱ።

መብራት ሲጠፋ

ይጠፋል ብላችሁ ተነሱ። ፕሮጀክተር 500 ዋት፣ ድምፅ 2000፣ የመድረክ መብራት 500፣ ላፕቶፕና ሚክሰር 200 ብትሉ 3.2 ኪሎዋት ነው። 10 ኬቪኤ ጀነሬተር 8 ኪሎዋት ያህል ስለሚሰጥ ሳይጨነቅ ይሸከመዋል፤ ጠርዝ ላይ የሚሠራ ጀነሬተር ባስ በመታ ቁጥር ቮልቴጁ ይወርዳል። ከተመልካቹ ቢያንስ 30 ሜትር አርቁት፣ ከግንብ ጀርባ ይሁን። ብዙ ማደያዎች በጀሪካን ያለ ደብዳቤ ስለማይቀዱ የድጋፍ ደብዳቤውን ከባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ ፈቃድ ጋር አብራችሁ ጠይቁ፤ ለፖሊስና ለክፍለ ከተማው ግልባጭ ይድረስ፣ ማህተሙ በሁሉም ላይ ይኑር።

ላፕቶፑ፣ ሚክሰሩና ፕሮጀክተሩ ከአንድ ማከፋፈያ ይሰኩ። አንዱ ከመድረክ፣ ሌላው ከኋላ ግድግዳ ከተሰካ «እምምም» የሚል ድምፅ ሙሉ ምሽት አይለቅም። ላምፕ ያለው ፕሮጀክተር በድንገት ሲጠፋ ማራገቢያው ሳያቀዘቅዘው ስለሚቀር ላምፑ ይጎዳል፤ ዩፒኤስ ከፕሮጀክተሩ ጋር እንጂ ከሞንታርቦው ጋር አታያይዙ። ከ15 ሜትር በላይ የሚሄድ ተራ ኤችዲኤምአይ ኬብል ምስሉን እየቆራረጠ ስለሚሰጥ በኔትወርክ ኬብል የሚያስተላልፈውን መለወጫ ተጠቀሙ።

ዘፈኑና ፊልሙ

ሙዚቀኞቹን ከፊልሙ በኋላ ማቅረብ የተለመደ ስህተት ነው፤ ሰው ባጃጅ ፍለጋ ሲነሳ ነው የሚጀምሩት። ገና ሳይጨልም፣ ሰው እየተሰበሰበ ሳለ ከ12 ሰዓት ጀምረው ይጫወቱ። ለቄጣላ ግን «አምስት ደቂቃ አላችሁ» አይባልም፤ የሚሞቀው ቀስ በቀስ ነው፣ ቢያንስ 25 ደቂቃ ስጡት። ክራር ላይ ማይኩን ከሆዱ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ማሲንቆ ላይ ከቆዳው ፊት ለፊት 30 ሳንቲ ሜትር አርቁ፤ ከዚህ ከቀረበ የደጋኑ ፍቅታ ብቻ ይሰማል። ከበሮ ሜዳ ላይ እንኳ ብዙ ጊዜ ማይክ አያስፈልገውም። ማይኮቹን ሰው ሳይገባ አንድ በአንድ ከፍ እያደረጋችሁ የሚያፏጨውን ድምፅ ቀንሱለት።

በፊልሞቹ ውስጥ ያለው ዘፈን ፈቃድ ይኑረው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በ872/2007 እንደተሻሻለው፣ ለሥራው ባለቤትም ለከዋኙም ለድምፅ ሪከርዲንጉ አዘጋጅም መብት ይሰጣል። ስለዚህ ድምፃዊው «ይፈቀድልህ» ማለቱ ብቻ አይበቃም፤ ግጥም የማን ነው፣ ዜማ የማን ነው፣ ቅንብር የማን ነው፣ ያሳተመው ማን ነው ብላችሁ በቅጹ ላይ አስሞሉ። ባለቤቱ የማይታወቅ የሕዝብ ዜማ ቢሆንም የተቀረጸው ቅጂ ባለቤት አለው። ለሽማግሌዎች ቅጹን በቋንቋቸው አንብቡላቸው፣ ከዚያ ይፈርሙ።

የግርጌ ትርጉም የተመልካቹን ቁጥር ይወስናል። ሲዳምኛ በላቲን ፊደል፣ አማርኛ በፊደላችን ስለሚጻፍ ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 ካላስቀመጣችሁት ወይም ላፕቶፑ ላይ የአማርኛ ፎንት ከሌለ ሳጥን ሳጥን ብቻ ይወጣል። አብሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ጫኑ፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ትርጉሙን ፊልሙ ላይ ማተም ነው። የአንዱ መስመር ፊደል ከ30 ባይበልጥ፣ ከሁለት መስመርም ባያልፍ። የዘፈን ግጥም ቋንቋውን አፉን የፈታበት ሰው ይተርጉመው፤ ተደጋጋሚውን አዝማች አንድ ጊዜ ጽፋችሁ ተዉት፣ ሰው የዘፋኙን ፊት ይመልከት።

ከፌስቲቫሉ በኋላ

ሽማግሌዎቹና ሙዚቀኞቹ በዚያው ምሽት ይከፈላቸው፤ የትራንስፖርትና የእራት ከክፍያው ተለይቶ ይታሰብ። የፊልም ሠሪዎቹን ፋይል ከላፕቶፑም ከትርፍ ሃርድ ዲስኩም አጥፉና ማጥፋታችሁን በጽሑፍ አሳውቋቸው፤ ፊልማቸው እንዳይሰረቅ ይፈራሉ፣ መፍራታቸውም ትክክል ነው። የተቀረጸውን ቄጣላ ደግሞ ወደ ኤምፒ3 ቀይራችሁ በሜሞሪ ካርድ ለአዜሙት ሁሉ ስጡ፤ ትልቁን የዋቭ ፋይል አብዛኛው ስልክ በቀላሉ አይሸከመውም፣ ካርዱ ላይም ቀኑንና የአዚያሚዎቹን ስም የያዘ አንድ የጽሑፍ ፋይል አብሮ ይግባ።